ስለደበራቸው ነው የቀደዱት?

በኢንተርኔት መወያያ ገጽ ላይ አንድ ክር፣ ማለትም አንድ ጥያቄና የተከታተሉ መልሶች፣ አገኘሁ። ክሩን የከፈተችው ሴት የጻፈችው ረጅም አይደለም። ወንድሟ ደሴ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ባጃጁ የራሱ አይደለም፤ ማታ ማታ ገቢ ለባለንብረቱ ያስረክባል፣ የተረፈችው የእሱ ናት። ነሐሴ ውስጥ አንድ ማታ ሦስት የሰፈር ልጆች በር ላይ የቆመውን ባጃጅ ሸራ በምላጭ ቀደዱት። ትልቁ 16 ዓመቱ ነው፣ ትንሹ 13። ተያዙ፤ አልካዱምም። ለምን ሲባሉ ደብሯቸው እንደነበር ተናገሩ። ሽማግሌ በተቀመጠ ጊዜ ደግሞ የአንደኛው ልጅ አባት ያንኑ ደገሙት። ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ልጆቹ የሚውሉበት የላቸውም፣ ስለዚህ ሊፈረድባቸው አይገባም ባይ ናቸው። ሴትዮዋ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መደበር ሰውን ከጥፋቱ ነፃ ያወጣዋል ወይ?

ከሠላሳ በላይ መልስ ተጻፈላት። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ደሴ ተወልጄ ስላደግኩ ጉዳዩ ያገባኛል። ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ ከተማዋ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የመሸባት ትመስላለች። መብራት ከሄደ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነው። ያን ክረምት ልጅ ሆኖ ያላየ ሰው ይህን ጥያቄ ያቃልለዋል። እኔ አላቃልለውም። ግን መልስ የለውም ብዬም አላምንም፤ ክሩን እየተረኩ የራሴንም እላለሁ።

መልስ 1 የሚጠበቅ ነበር። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የሚለውን ተረት አምጥቶ፣ ሥራ ከፈታ ልጅ ሌላ ነገር እንደማይጠበቅ ጻፈ። መልስ 2 ተስማማ። ጥፋተኞቹ ልጆቹ ሳይሆኑ ለልጅ መዋያ ሳያስቡ ሰፈር የሚቆርሱ ትልልቆች እንደሆኑም ጨመረ። እሱ ኳስ የተጫወተበት ሜዳ ዛሬ ግንብ ቆሞበታል።

መልስ 3 ግን ያንኑ ተረት ያዘና ገለበጠው። መነኩሴው የቀደደው የራሱን ቆብ ነው። መልሶ የሰፋውም ራሱ ነው። የጎረቤቱን ጥምጥም አልነካም። ሰውየው ከዚህ ሌላ አንድም ቃል አልጨመረም። በእኔ ግምት የክሩ ምርጥ መልስ ይህ ነው፤ በኋላ የመጡትም ብዙዎቹ ወደ እሱ እየተመለሱ ነው የተከራከሩት።

መልስ 4 ባጃጅ ነጂ ነው። የተቀደደ ሸራ ምን እንደሚያስከትል ብቻ ጻፈ። በነሐሴ ደሴ ላይ ዝናብ ሳይጥል የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ውሃው በቀዳዳው ይገባና መጀመሪያ የኋላ ወንበሩን ስፖንጅ ያጠግበዋል። ስፖንጁ ሲያዩት ደረቅ ይመስላል፤ ሰው ሲቀመጥበት ነው ውሃውን የሚተፋው። ቀሚሷ የራሰባት ተሳፋሪ ሁለተኛ እዚያ ባጃጅ ውስጥ አትገባም። ሌሎቹም ወንበሩን በእጃቸው ጫን አድርገው ይፈትሹና ከኋላ ወደቆመው ይሄዳሉ። ፕላስቲክ አልብሶ በስኮች ማሰር ብልሃት ይመስላል፤ እርጥብ ሸራ ላይ ግን ስኮች አይዝም። ምላጭ ሸራውን ቀጥ አድርጎ ስለሚቀደው ለመስፋት ይመቻል፣ ሆኖም የመርፌው ቀዳዳ ራሱ ያንጠባጥባል። ስለዚህ ከውስጥ ሌላ ሸራ ተደርቦ ይሰፋል፣ አለዚያ ሙሉውን መቀየር ነው። ይህ ሁሉ እስኪሆን ባለንብረቱ የቀን ገቢውን ይጠብቃል። ነጂው የጨረሰው በጥያቄ ነው፤ በእነሱ መደበር ምክንያት ሥራ ፈትቶ የዋለው ሰው ሲደብረው የማንን ይቅደድ?

ይህን ዝርዝር ወደድኩት። እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ ሁላችንም ቶሎ የምናስበው ስለ ልጆቹ ሁኔታ ነው። የረጠበው ስፖንጅ ላይ የሚቀመጠውን ሰው ማንም አያነሳውም።

መልስ 5 ለሁለቱም ወገን አዝና አለፈች። መልስ 6 የሸዋ በር አካባቢ አባት ናቸው፤ ልጃቸው ነው የሚጽፍላቸው። ብዙ ሰው የሚከስርባቸው ሁለት ጸጋዎች ጤናና ትርፍ ጊዜ እንደሆኑ ነቢዩ ማስተማራቸውን አስታወሱ። እሳቸው ዕድሜያቸውን በንግድ የጨረሱ ስለሆኑ ነገሩን በሚያውቁት አስረዱት። ትርፍ ጊዜ ካፒታል ነው፤ ካፒታሉን የበላ ሰው ገበያው ቀዝቅዞ ነበር ብሎ ከአበዳሪው አያመልጥም።

መልስ 7 ዲያቆን ነው። አባትን ካመሰገነ በኋላ በዳዊቱ ስለ ቀትር ጋኔን የተባለውን አነሳ። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪየስ ያንን ጋኔን ከመሰልቸት ጋር አያይዞ ጽፎበታል። መነኩሴው በቀትር ፀሐይዋ የቆመች ትመስለዋለች። በየጊዜው በመስኮት ያያል፣ በዓቱን ይጠላል፣ ወንድሞቹን ይወቅሳል። ኤቫግሪየስ ሐሳቡ መምጣቱን እንደ ጥፋት አልቆጠረውም። የመጣው ሐሳብ ይቆይ ወይስ ይሂድ የሚለው ግን የሰውየው ፈንታ ነው። ዲያቆኑ ከዚህ ተነስቶ፣ መደበር ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ምላጭ ማንሳት ግን የራሱ የሰውየው ሥራ እንደሆነ ጻፈ። ሽማግሌውና ዲያቆኑ ተመራርቀው ተለያዩ። ወሎ ነውና ማንንም አልገረመውም።

ቁጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መልስ 8 ስብከቱ ይብቃ፣ ልጆቹ ይገረፉ አለ። መልስ 9 በእሱ ጊዜ ማንም ጎረቤት የማንንም ልጅ ቆንጥጦ ያሳድግ እንደነበር አስታውሶ ደገፈው።

መልስ 10 መምህርት ናት፤ ሁለቱንም ተቃወመች። ዱላ ልጁን የሚያስተምረው ሁለተኛ እንዳይያዝ ነው። አንድ ተማሪዋ ዴስክ በምላጭ እየፈለፈለ ያስቸግራት ነበር። ስትከታተለው የሚሰጠውን ሥራ ከሁሉም ቀድሞ ጨርሶ ሌሎቹ እስኪጨርሱ የሚጠብቅ ልጅ ሆኖ አገኘችው። መጀመሪያ ብርጭቆ ወረቀት ሰጥታ የፈለፈለውን ዴስክ አስፈገፈገችው። እጁ እስኪላጥ ፈገፈገ። ከዚያ በኋላ ነው ቶሎ ለጨረሰበት ሰዓት ሥራ የፈለገችለት፤ የደከሙትን ማስረዳት ጀመረ። ቅደም ተከተሉ ላይ አጥብቃ ጻፈች። ሥራውን መጀመሪያ ብትሰጠው ኖሮ ለፈለፈለው ዴስክ ሽልማት ይሆንበት ነበር። እኔም ብዙ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ወይ ብርጭቆ ወረቀቱን ብቻ እንሰጣለን፣ ወይ ሥራውን ብቻ።

መልስ 11 የሕግ ባለሙያ ነው። ደረቅ አድርጎ ጻፈ፣ ነገር ግን ክሩን ያዞረው እሱ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ባለው ላይ ለአዋቂ የተደነገገው ቅጣት አይፈጸምም፤ ፍርድ ቤት እንደ ወቀሳና በክትትል ሥር ሆኖ መማርን የመሰሉ እርምጃዎችን ያዛል። 15 አልፎት 18 ያልሞላው በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል፣ ዳኛው ግን ዕድሜውን አይቶ ሊያቀልለት ይችላል። ስለዚህ የ13ቱና የ16ቱ ልጅ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ሰውን ከኃላፊነት የሚያወጣው በአንቀጽ 48 ላይ ተቀምጧል፤ በዕድሜ፣ በአእምሮ ሕመም ወይም በመሳሰለው ምክንያት የሚሠራውን መረዳት ወይም ራሱን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው ነው። መደበር እዚያ ውስጥ የለም። ወንጀል ሊሠራ ብሎ የሰከረ ሰው እንኳ ስካሩን መከለያ ሊያደርገው አይችልም።

ቀጥሎ ማንም ያላሰበውን አመጣ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 2124፣ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባት ኃላፊ ነው። ሽማግሌ ፊት ልጄ ደብሮት ነው ብለው የተከራከሩት አባት እንግዲህ ስለ ልጃቸው ብቻ አልነበረም የተከራከሩት። የሸራው ዕዳ የራሳቸውም ነው።

መልስ 12 ደንግጣ አባት ይታሰራሉ ወይ ብላ ጠየቀች። መልስ 13 ያው የሕግ ባለሙያ ነው፤ በወንጀል ሰው የሚጠየቀው በራሱ ሥራ ብቻ እንደሆነ፣ አባት የሚጠየቁት በገንዘብ እንደሆነ አስረዳ። መልስ 14 በካሉና በባቲ በኩል ያለውን የአበጋሮች ሽምግልና አስታወሰ። እዚያ ጥፋተኛው መጀመሪያ ጥፋቱን ያምናል፣ ካሳው ይነገራል፣ ዱዓው ከዚያ በኋላ ይመጣል። የዚህኛው ሰፈር ሽምግልና ከዱዓው እንደጀመረ ነው የታየው።

ከዚያ መልስ 15 መጣ። ይህ ሰው አባት ነው፤ የእነዚያ ልጆች አባት ግን አይደለም። ተናዷል። ሁላችሁም ልጅ የሌላችሁ ነው የምትመስሉት ብሎ ጀመረ። እሱ ከንጋት በፊት ተነስቶ ኮምቦልቻ ሥራ ይወርዳል፣ ሲመለስ መሽቷል። ልጁን ማን ይጠብቅለት? ዛሬ 16 ዓመት የሞላው የደሴ ልጅ ምን እንዳሳለፈም አስታወሰን። መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋበት። ያ ሳይረሳ በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ከተማው ውስጥ ገባ፤ ሸሽቶ ሜዳ ያደረ አለ፣ ቤቱ ተዘግቶበት ድምፅ እየሰማ ያደረ አለ። የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሆኖ ነው ይህን ያየው። ከዚያ ወዲህ ምን ሆንክ ብሎ የጠየቀው የለም። ታዲያ ዛሬ እናንተ ምላጩን ብቻ አይታችሁ ትፈርዳላችሁ አለ።

ይህን መልስ ደግሜ አነበብኩት። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። በከተማችን ማንም ወላጅ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ የለውም።

መልስ 16 ግን አለሳልሳ አላለፈችውም። እሷም ያኔ ከተማው ውስጥ ነበረች። ኅዳር 27 ቀን ከተማዋ እስክትለቀቅ ድረስ ሦስት ልጆች ይዛ ቤት ውስጥ ነው የከረመችው። የእሷም ልጅ 16 ዓመቱ ነው፣ እሱም ይደብረዋል፣ የሰው ሸራ ግን አልቀደደም። የባጃጁ ነጂስ ያን ጊዜ የት ነበር? እሱም እዚያው ነበር። ጦርነቱ ለቀዳጁ ምክንያት ከሆነ ለተቀደደበት ሰው ምን ሊሆነው ነው? መልስ 15 ሊመልስላት ሞከረ፣ ቃል ተወራወሩ፤ አወያዩ ሁለት መልሶች አጥፍቷል። መልስ 17 ሁለቱንም አብሽሩ ብሎ፣ ሁለቱም ልጅ ያሳደጉበትን ዘመን ክብደት እንደተናገሩ አስታውሶ አበረዳቸው።

መልስ 18 ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ልጅ ናት። የምትሰፋው አንድ ነገር ነው፤ የሱሪ የጎን ስፌት። የግራውን ሌላ ሰው ይሰፋል፣ እሷ የቀኙን ብቻ። መስመሩ ፊት ለፊት የቀኑ ዒላማ በቁጥር ይጻፋል። ጠዋት የጀመረችው ስፌትና ማታ የጨረሰችው ስፌት አንድ ናቸው። መደበር ማለት ይህ እንደሆነ ጻፈች። ጓደኛዋ አጠገቧ የተቀመጠች ቀን ይቀልላታል፣ ማሽን ተቀይሮ ከተለያዩ ቀኑ አይገፋም። አእምሮዋ ውስጥ መንዙማ ትላለች፣ የታናሽ እህቷን ትምህርት ታስባለች። መቀሱ እጇ ላይ ነው፣ የሰው ጨርቅ ፊቷ ነው፣ አንድ ቀን ግን ልቅደደው ብላ አታውቅም። ሌሎቹ መደበር ሥራ ያጣ ሰው ጣጣ እንደሆነ አድርገው መጻፋቸው እንዳስገረማትም ተናገረች። ሥራ ያለው ሰውም ይደብረዋል፣ እንዲያውም ብሶ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ለጥቂት ጊዜ መንገድ ሳተ። መልስ 19 ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲባል ስለሰማ፣ አሜሪካ ከጥር 2022 በፈረንጆቹ ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመሸጥ ዕድል፣ ካስወጣች ወዲህ ስለቀነሰው ሥራ ጻፈ። መልስ 20 የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ የደሴ ልጆች የሚደብራቸው ብርዱ ቤት ስለሚዘጋቸው ነው፣ ወደ ቆላው ውረዱ ብሎ ጋበዘ። ደሴዎቹ ስለ ኮምቦልቻ ሙቀት መለሱለት። አንዷ በጉሙ ምክንያት በመንገዱ ጠመዝማዛ ላይ ማታ መንዳት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ጻፈች። ሁሉም ትክክል ነው፣ ከጥያቄው ጋር ግን አይገናኝም።

መልስ 22 ጫትን አመጣ፤ ከጫት ቤት የዋለ ወጣት ምርቃናው ሲለቀው የሚሠራውን አያውቅም የሚል ነበር። መልስ 23 በኃይል መለሰለት። የእሱ አያት ዕድሜ ልካቸውን ቅመው ዱዓ ሲያደርጉ የሰው እቃ ነክተው አያውቁም። እነዚህ ልጆች ደግሞ ስለመቃማቸው ማንም አልተናገረም። ከየት ነው ያመጣኸው? መልስ 24 ጫቱን ትቶ ቤቲንግ ቤቶቹን ከሰሰ። እኔ መልስ 23 ልክ ነው እላለሁ። ያልተባለን ነገር ልጆች ላይ መለጠፍ ፍርድ አይደለም።

ክሩን ወደ ቦታው የመለሰው ሥነ ልቦና የተማረው ሰው ነው፣ መልስ 25። በፈረንጆቹ 2014 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጠቀሰ። ሰዎች ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ለ15 ደቂቃ ተቀመጡ። ስልክ የለም፣ መጽሐፍ የለም። አንድ ቁልፍ ብቻ አለ፤ ከተጫኑት በኤሌክትሪክ ይነዝራቸዋል። አስቀድመው ቀምሰውታል፣ እንዳይነዝረን ገንዘብ እንከፍላለን ያሉ ናቸው። ከ18ቱ ወንዶች 12ቱ፣ ከ24ቱ ሴቶች 6ቱ ተጫኑት። ባለሙያው ከዚህ የሚለው፣ የሰው ልጅ ባዶ መቀመጥን እንዲህ የሚጠላ ከሆነ በልጆቹ ላይ ቶሎ መፍረድ አይገባም ነው።

መልስ 26 ወዲያው ወደ መልስ 3 መነኩሴ ሄደ። እነዚያ ሰዎች የነዘሩት ራሳቸውን ነው። አጠገባቸው ያለውን ሰው ቢነዝሩ ኖሮ ጥናቱ ስለ ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

ባለሙያው አልተቀየመም፤ መልስ 27 ላይ የተጠየቀውን ይዞ መጣ። በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት አለ። ሰዎቹ ሁለት ቦታ ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ለ20 ደቂቃ የሚወርድ ፏፏቴ ብቻ ሲያይ ቆየ፣ ሌላው ደስ የሚል ፊልም አየ። አጠገባቸው የቡና መፍጫ ነበር፣ ትሎችም ነበሩ። ትሎቹ ስም ሳይቀር ወጥቶላቸዋል፤ ቶቶ፣ ቲፊ፣ ኪኪ። የፈለገ ሰው ትሉን መፍጫው ውስጥ መጨመር ይችላል። መፍጫው በእርግጥ አይፈጭም ነበር፣ ተመልካቾቹ ግን አያውቁም። ከደበራቸው መካከል የጨመሩ ተገኙ፤ ደስ የሚል ፊልም ካዩት ይልቅ በርከት ይላሉ። ከደበራቸው ውስጥ ግን አብዛኞቹ አልጨመሩም። የሰውን ገንዘብ በመቀነስ ላይ በተሠራው ሌላ ሙከራ ደግሞ፣ ለሰው የመጨመር ምርጫም አብሮ ሲቀርብ ጉዳቱን የመረጡት በተለይ ሰው ሲጎዳ ደስ የሚላቸው ነበሩ። ባለሙያው በመጨረሻ ሁለቱንም ተቀበለ። መደበር ይገፋል። የተገፋ ሁሉ ግን አይቀድም፣ ሌላ የሚሠራ ነገር ፊቱ ካለ ደግሞ አብዛኛው ሰው መቅደዱን አይመርጥም።

በእኔ በኩል ስለ ጉዳዩ ካነበብኩት ሁሉ ይህ በጣም ጠቀመኝ። ሜዳና ቤተ መጻሕፍት የሚጠይቁትንም፣ ካሳ የሚጠይቁትንም አንድ ላይ ትክክል ያደርጋቸዋል።

መልስ 28 የ17 ዓመት ልጅ ነው። ከሦስቱ አንዱ እንዳልሆነ ቀድሞ ተናገረ። ከዚያ እንዲህ ያለ ማታ እንዴት እንደሚሄድ ጻፈ። የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ። የአንዱ ስልክ ካርድ አልቋል፣ የሌላው ባትሪ። የሚወራው ወሬ ትናንት ተወርቷል። ሱፍ ካለ ይፈለፈላል። ከዚያ አንዱ የሆነ ነገር ያነሳል፤ ድንጋይ ሊሆን ይችላል፣ ምላጭ ሊሆን ይችላል። ማንም እናድርግ አይልም። አንዱ ትፈራለህ ይላል፣ ሌላው አልፈራም ይላል፣ በዚያ አለቀ። እሱ ራሱ አንድ ማታ የመንገድ መብራት በድንጋይ ሰብሯል። በዚያች ሰዓት ደብሮት ነበር ወይ ብሎ ራሱን ሲጠይቅ፣ አልነበረም ነው መልሱ። በዚያች ሰዓት እንዲያውም ልቡ ይመታ ነበር፣ ሁሉም ይስቁ ነበር። የደበረው ቀደም ብሎ ነው። ድንጋዩን ያስወረወረው ግን ጓደኞቹ ፊት ፈሪ መባልን መፍራቱ ነው። ደብሮኝ ነው የሚለው በኋላ፣ ትልቅ ሰው ሲጠይቅ የሚመጣ መልስ ነው፤ ትልቅ ሰውም ቶሎ ያምነዋል።

ከዚህ ልጅ ጽሑፍ በኋላ ጥቂት ሰዓት ማንም አልጻፈም። መልስ 29 መብራቱን ለሰበርክበት ራስህን ለፖሊስ ስጥ ብሎ ጮኸበት። መልስ 30 የሸዋ በሩ አባት ናቸው። ልጄ ብለው ጠሩት፣ እውነት መናገሩን አመሰገኑለት፣ ያ መንገድ እስካሁን ጨለማ ከሆነ መብራቱን ለማሠራት እሳቸውም እንደሚያግዙት፣ ግን አብሮ እንዲሄድ ነገሩት። ሁለቱንም አንድ ላይ ነው ያሉት፤ እኔም ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

መልስ 31 የእኔ ነው። የጻፍኩት ይህን ነው። ከተማዋ ለእነዚህ ልጆች ዕዳ አለባት። ክረምቱን ሙሉ በነፃ የሚገቡበት አንድ ደረቅ፣ መብራት ያለው ቤት የላቸውም። ጆተኒ ገንዘብ ነው፣ ፑል ገንዘብ ነው፣ ቡና ቤት መቀመጥም ገንዘብ ነው። ይህ የትልልቆቹ ዕዳ ነው፣ መክፈል አለብን። ልጆቹ ደግሞ ለባጃጅ ነጂው ዕዳ አለባቸው። የእኛ አለመክፈል የእነሱን አይሰርዘውም፤ ነጂው የከተማዋ ወኪል አይደለምና። ልጅን አንተ እኮ ደብሮህ ነው ብሎ ማሰናበት ደግሞ አለማክበር ይመስለኛል። እጁ የራሱ እንዳልሆነ መንገር ነው። የ16 ዓመት ልጅ ሸራውን ይዞ ሰፊ ቤት ሄዶ፣ ተሰፍቶ እስኪያልቅ ቆሞ ጠብቆ፣ ተሸክሞ ቢመልሰው እጁ የራሱ እንደሆነ ያውቃል።

መልስ 32 አልወደደልኝም። ራቅ ብሎ ተቀምጦ ዕዳ መቁጠር ቀላል እንደሆነ ነገረኝ። የእነዚያ ልጆች ቤተሰብ ሸራ ማሰፊያ ከየት ያምጣ? ለድሃ ኃላፊነት ማለት ሁልጊዜ ሌላ ክፍያ ነው አለ። ስለ ክፍያው ያለው ልክ ነው፤ ገንዘቡ ለሁለቱም ወገን ከባድ ነው። ነገር ግን ነጂውም ድሃ ነው። ልጆቹ በገንዘብ ካልቻሉ በጉልበት ይችላሉ። ባጃጅ በክረምት ጭቃ በየማታው ይታጠባል፤ ለማጠብ ገንዘብ አያስፈልግም። ይህንኑ መለስኩለት፤ አልተስማማንም።

የክሩ ከፋች መልስ 33 ላይ ተመለሰች። ሁለቱ ልጆች፣ ትንሹና መካከለኛው፣ ከእናቶቻቸው ጋር መጥተው ድርሻቸውን እንደሚከፍሉ ተናግረዋል። ትንሹ አልቅሷል። የትልቁ አባት ግን እስካሁን በአቋማቸው ናቸው፤ ልጁም አልመጣም። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ድጋሚ ይቀመጣሉ። እስከዚያ አዲስ ጥያቄ ተነስቷል። አንዱ ሽማግሌ ጠቡ እንዳይረዝም ሁለቱ ልጆች የሦስተኛውንም ድርሻ ይክፈሉና ይለቅ ብለዋል። የሕግ ባለሙያው መልስ 34 ላይ፣ አብረው ላጠፉት ጥፋት በሕግ ከአንዳቸውም ሙሉውን መጠየቅ እንደሚቻል አረጋገጠ። መልስ 35 ታዲያ ይክፈሉ አለ። መልስ 36 መምህርቷ ናት፤ ተቃወመች። መጥቶ ያመነው ልጅ ከቀረው ልጅ የበለጠ ከከፈለ፣ በሚቀጥለው ክረምት ማን መጥቶ ያምናል?

እኔም ከመምህርቷ ጋር ነኝ። ሕጉ ይፈቅዳል፣ ለነጂውም ገንዘቡ ቶሎ ይደርሰዋል። ሆኖም የትልቁን ድርሻ አባቱ ወይም እሱ ራሱ እስኪያመጣ ነጂው ተደርቦ በተሰፋ ሸራ ጥቂት ቀን ቢሠራ፣ የጎደለውን ደግሞ እኛ የክሩ ሰዎች በብድር ብንሸፍንለት ይሻላል ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ሰዎች በቴሌብር ለመላክ ዝግጁ መሆናቸውን ጽፈዋል። መልስ 32 ከሦስቱ አንዱ ነው።